አባትና ልጅን ያኳረፈው ባለቀለም «ጭቃ»

እናንተዬ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ነው። «ወሬ አለቀባት ማለት ነው!» ያላችሁ አትጠፉም፤ ግድ የለም። ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሱኝ። ይሄ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ቤቱን በጭስ ሞልቷል፣ ጎረቤት አስጠርቷል፣ ልጅ በሌሊት ሐኪም ቤት አስኪዷል፤ ይባስ ብሎ አባትና ልጅን ሃምሳ ቀን ሙሉ አኳርፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ስሟ ይቅር፤ ጋዜጣ አባቷም ያነባሉ። አሥራ ሁለተኛን አብረን ጨርሰን፣ ውጤት ግን አብሮ ያልመጣልን ሰዎች ነን። እኔ ወደዚህ ወደ ጭረት ሥራዬ፣ እሷ ወደ አንድ የግል መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ሄድን። አባቷ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ናቸው። ጡረታዋ ወር ስለማታደርስ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላቸውን ተክለው፣ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ራፖር ይጽፋሉ። እስክሪብቶዎቻቸው የሚቆሙት በአሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው። ጣሳው ዝጓል፣ ጠርዙም እንደ ምላጭ ነው። ሰውየው እስክሪብቶ ባነሱ ቁጥር ጣታቸውን ስለሚቧጥጣቸው ሁልጊዜ አንድ ጣታቸው በፕላስተር የታሸገ ነው።

ልጅቷ ይህን አይታ አንጀቷ አይችልም። በዚህ መሀል ቨርጂኒያ ያለችው ታላቅ እህቷ በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከች። ውስጡ አሥር ጥቅል ባለቀለም ልስልስ ነገር ነበር፤ ነጩ አራት፣ ሌላው ቀለም አንድ አንድ። «ለማሙሽ መጫወቻ» ይላል ወረቀቱ። ማሙሽ የተባለው ታናሽ ወንድማቸው አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጺም ሊያበቅል ምንም አልቀረው። (ውጭ ያሉ እህቶቻችን ግን ለምንድን ነው ሲሄዱ የተዉት ልጅ እዚያው ዕድሜ ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው የሚመስላቸው?) ልጁ ዞር ብሎም አላየው። እሷ ግን ጥቅሉ ላይ ያለውን የቆንጆ ዕቃ ሥዕል አይታ «ለአባዬ እስክሪብቶ ማስቀመጫ እሠራለሁ!» አለች። ማንንም አልጠየቀችም፤ ጥቅሉ ጀርባ ያለውን ጽሑፍም አላነበበችም። ስንቶቻችን ነን የምናነበው?

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። እንግሊዝኛው «ፖሊመር ክሌይ» ይለዋል፤ ክሌይ ስለተባለ ሸክላ እንዳይመስላችሁ። ቀጨኔ ያሉ እናቶች ጀበና የሚሠሩበት ጭቃ ከመሬት የሚወጣ፣ ውሃ የያዘ፣ ደርቆ በእሳት የሚተኮስ ነው። ይሄኛው ውሃ የሚባል ነገር የለበትም። ፕላስቲክ ነው፤ የውሃ ቧንቧና ኮርኒስ የሚሠራበት ያው ፒ.ቪ.ሲ. በዱቄት መልክ ሆኖ፣ እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ፈሳሽ ተጨምሮበት፣ ቀለም ተቀላቅሎበት የሚመጣ። ተጋግሮ ካልጠነከረ ለወራት እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ሲጋገርም እንደ ሸክላ አይኮማተርም፤ የሠራችሁት መጠን ነው የሚወጣው።

ታሪኩም ደስ ይላል። ጀርመን ውስጥ ኬተ ክሩዘ የምትባል ስመ ጥር አሻንጉሊት ሠሪ ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር ለአሻንጉሊት ጭንቅላት ይሆን ብላ ሞክራው አልሆነላትም፤ ልጇ ግን ወስዳ ቅርጽ መሥሪያ አደረገችው። የልጅቷ የቤት ስም «ፊፊ» ነበር። ከዚሁ ከፊፊ ስም ተነሥቶ «ፊሞ» የሚል የንግድ ስም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤበርሃርድ ፋበር የተባለው የእርሳስ ፋብሪካ ገዛው፤ ዛሬ የሚያመርተው ደግሞ ያ ሁላችንም በእርሳሱ የምናውቀው ስቴድለር ነው። የአሜሪካኖቹ «ስካልፒ» ደግሞ መጀመሪያ የታሰበው ለኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ሙቀት ማስተላለፊያ ነበር፤ ለዚያ ሳይሆን ቀርቶ ነው ለእጅ ሥራ የዋለው። ለታሰበለት ሳይሆን ለሌላ የሆነ ነገር እኔ በበኩሌ ይመቸኛል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ሰማያዊውን፣ ጥቁሩንና ቡናማውን አውጥታ አሸች፣ ዳመጠች፣ በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ላይ ጠቀለለች። ጠርዙን ቀጥ ለማድረግ የአባቷን የፕላስቲክ ማስመሪያ ተጠቀመች። ደከማትና ማስመሪያውን እላዩ ላይ እንደተጫነ ትታው ተኛች። ጠዋት ማስመሪያው ተጣብቆ ተገኘ! ሲላቀቅ ጠርዙ ቀልጦ፣ ከ7 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ጠፍተዋል። ጥሬው «ጭቃ» ውስጥ ያለው ማለስለሻ ፈሳሽ አንዳንድ ፕላስቲክ ይበላል። ማስመሪያ፣ የሬዲዮ ሽፋን፣ የጠረጴዛ ሙሻማ፣ ቫርኒሽ የተቀባ ቡፌ፣ አንዱም አይወደውም። በእብነ በረድ ወይም በሴራሚክ ቁራጭ አለዚያም በመስታወት ላይ ሥሩት። ለማስቀመጥ ተራ ፌስታል አይጎዳውም።

ማስመሪያውን ደበቀች። ዋናው ጥፋት የመጣው ቅዳሜ ነው። ኦቭን የላቸውም። «መጋገር አለበት» ተብሏል፤ ታዲያ እኛ ቤት የሚጋገረው በምንድን ነው? የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰካችው፣ እስክሪብቶ ማስቀመጫውን መሀል ላይ አቆመችው፣ አክንባሎውን ደፋችበት፣ ቡና ልትቆላ ወጣች።

እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ይሄ ዕቃ የሚፈልገው እንደየዓይነቱ 110 ወይም 130 ዲግሪ ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይጨሳል። ጭሱ ደግሞ የእንጀራ ጭስ አይደለም። ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ የጉሮሮና የዓይን እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ትንሹ ወንድሟ አስም አለበት። ያን ቀን ከጓዳው አጠገብ ተኝቶ ነበር።

ልጁ ሲያስል ነው የሰማችው። ስትሮጥ ብትመጣ ቤቱ ጭጋግ ሆኗል። ጎረቤት «እሳት!» እያለ ወጣ። አባትየው ልጃቸውን ተሸክመው ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ሐኪም ቤት። ኦክሲጅን ተሰጠው፤ እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ቆዩ። እግዜር ይመስገን ልጁ ደህና ሆነ። ሰውየው ሲመለሱ ግን የተቃጠለውን ነገር በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ቆሻሻ ወረወሩት። «ሁለተኛ ይህን መርዝ እዚህ ቤት እንዳላይ!» አሉ። ለማን እንደተሠራ አልጠየቁም። እሷም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር?

ከዚያ ወዲያ አባትየው ልጃቸውን አላነጋገሩም። «ለልጅሽ ንገሪያት፣ ራት ቀርቧል» ይላሉ ለሚስታቸው፤ ልጅቷ እዚያው ፊታቸው ተቀምጣ። በዚህ ላይ ማስመሪያው ተገኘ...

በሃምሳኛው ቀን ገደማ እኔ ዘንድ መጣች። «አንቺ፣ ያንን ነገር በደንብ መሥራት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ መጀመሪያ «ተዪው፣ ገበያ ሄደሽ አንድ ነገር ግዢላቸው» አልኳት። እልህ ያዛት። አክስቴ ኬክ እየጋገረች የምትተዳደር ሴት ናት። አዲስ ኦቭን ስትገዛ የጣለችው አሮጌ ትንሽ ኦቭን ጓሮ በረንዳ ላይ ነበር። «እሱን ውሰዱ፣ ግን ከእንግዲህ ምግብ አይገባበትም፣ ወደ ቤትም አትመልሱብኝ» አለች። አክስቴ ትክክል ናት። ለዚህ ሥራ የዋለ ቢላ፣ ጠርሙስ፣ ትሪ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ከዚህ ዕቃ የሻይ ስኒ ወይም ሳህንም አይሠራም። ለፍቅረኛችሁ የሲጋራ መተርኮሻ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁም ተዉት፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ከጻፍኩት ጭስ ትረዱታላችሁ።

እንግዲህ እንዲህ ሠራን። ብርጭቆው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ የማርማላታ ብርጭቆ ነው። እስክሪብቶ 14 እና 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ከዚህ ያጠረ ዕቃ ይገለበጣል፤ የረዘመ ደግሞ እስክሪብቶውን ይውጠዋል። ብርጭቆው ውስጡ ይቀራል፣ አይወጣም። ክብደቱም ይጠቅማል፤ የሰውየው ጠረጴዛ ነፋስ ላይ ነዋ። የቆርቆሮ ጣሳም ይሆናል፣ የፕላስቲክ ኩባያ ግን ኦቭን ውስጥ ይቀልጣል። በሳሙና አጥበን፣ በአልኮል ወልውለን፣ ነጭ ኮላ በስሱ ቀብተን አደረቅነው። «ጭቃው» መስታወት ላይ በራሱ ጥሩ አድርጎ አይጣበቅም፤ ኮላው ነው የሚይዝለት።

ቀጥሎ ማሸት ነው። ከጥቅሉ ሲወጣ ደረቅ ይላል፤ በእጅ ሙቀት እየታሸ፣ እየታጠፈ፣ ሳይሰነጠቅ የሚታጠፍ እስኪሆን ድረስ። ጣት ያማል፣ አልዋሻችሁም። እዚህ ላይ አንድ ሞኝነት ሠራን። ቀዩን ቀድመን አሸንና በዚያው እጃችን ወደ ነጩ ሄድን። ነጩ እንደ ጽጌረዳ ሮዝ ሆነ! አንድ ጥቅል ነጭ ከሰርን። ሁልጊዜ ነጩን ቀድሙ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር መጨረሻ ላይ፤ በየመሀሉ እጅ በሳሙና።

የቀሩትን ሦስት ነጭ ጥቅሎች (አንዱ 57 ግራም ነው) በአንድነት ዳመጥናቸው። መዳመጫችን የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነበር። ውፍረቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ግራና ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የጣውላ ቁራጮች አስቀምጠን፣ ጠርሙሱን በእነሱ ላይ አንከባለልነው። ጣውላው ከሚፈቅድለት በታች አይወርድም። ይሄን ዘዴ ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ብርጭቆው ላይ ስትጠቀልሉ ከአንድ ጎን ጀምራችሁ እየተጫናችሁ ሂዱ፤ አየር ከተዘጋበት ሲሞቅ ያብጣል። ያበጠ ቦታ ካያችሁ በመርፌ ወግታችሁ በጣት ዳብሱት። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበትን ስፌት በጣት ሆድ ቀስ እያላችሁ አሹት፣ ይጠፋል።

ጌጡን በተመለከተ እኔ አበባ አልኩ። እሷ «አባዬ አበባ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችና የነጠላቸውን ጥለት መረጠች። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀጫጭን ንጣፍ አድርጋ እንደ ድርብ እንጀራ ደራረበቻቸው፤ ቆርጣ እንደገና ደረበች። አሁን አንድ ባለመስመር ጡብ ሆነ። ይህን ጡብ ከጎኑ ስትቆርጡት ከየትም ቢሆን የሚወጣው ቁራጭ ያው ባለመስመር ነው፤ ልክ አንድ የሽመና ጥለት እየደጋገመ እንደሚወጣ። ለስላሳ ሆኖ ከተቆረጠ ግን ቀለሙ ይደፈጠጣል፤ ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠን በአዲስ ምላጭ ቆረጥነው። ከዚያ ስሱን ቁራጭ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ እያጋደለች በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ደረደረችው። እውነት ለመናገር ነጠላ ነው የመሰለው። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ተንጋደደ፤ እኔ «አስተካክዪው» ስላት «ሸማኔም ይሳሳታል» ብላ ዘጋችኝ።

መጋገሩ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እጃችን ተንቀጠቀጠ። ኦቭኑን በረንዳ ላይ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አደረግነው። አክስቴ የምትለካበትን የኦቭን ቴርሞሜትር አዋሰችን። ባታውሰን ኖሮ ያው ታሪክ ይደገም ነበር! የኦቭኑን ቁልፍ 130 ላይ ብናደርገው ቴርሞሜትሩ 160 አለን። አሮጌ ኦቭን ውሸታም ነው። ቁልፉን ዝቅ እያደረግን፣ እየጠበቅን፣ ልክ 130 ላይ ሲረጋ አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ምክንያቱም መስታወት በድንገት ሙቀት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ከኦቭኑ ጋር አብሮ መሞቅ አለበት። ማስቀመጫውን በሴራሚክ ቁራጭ ላይ አቁመን፣ የሚግለው ሽቦ በቀጥታ እንዳያገኘው በአሉሚንየም ወረቀት እንደ ድንኳን ሸፈንነው። 30 ደቂቃ መቁጠር የጀመርነው ቴርሞሜትሩ 130 ሲነካ ነው። የእናንተ ጥቅል 110 የሚል ከሆነ 110 ነው፤ የእኔን ሳይሆን የጥቅሉን ስሙ። ማይክሮዌቭ ውስጥማ በፍጹም።

በሃያኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ! (ያልጠፋ እንደሆነ ነው የሚገርመው።) ጓደኛዬ እንባዋ መጣ። ግን ይሄ ዕቃ ኬክ አይደለም፤ መሀል ላይ ቢቋረጥ አይበላሽም፣ እንደገና ቢጋገርም ምንም አይሆንም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ሠላሳውን ደቂቃ እንደ አዲስ ጀመርነው። ሲያልቅ በጣቷ ነካ አድርጋ «አንቺ፣ አሁንም ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ይቆይ» አለችኝ። ቴርሞሜትሩ ልክ እስከሆነና ሰዓቱ እስከሞላ ድረስ ይሄ ማታለያ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ሲነካ ለስለስ ይላል፣ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። አጥፍተን በሩን ሳንከፍት ተውነው። ትኩስ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ግን እንዳይሞክራችሁ።

በነጋታው ሸካራውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት፣ እሱንም ውሃ እያስነካን ፈተግነው። ውሃው አቧራው እንዳይቦን ያደርጋል። «ጥፍር ቀለም ልቀባው፣ ያብረቀርቃል» ብላ ነበር፤ ከለከልኳት። የጥፍር ቀለም ቆይቶ ላዩን ያጣብቀዋል፤ የሚረጭ ቫርኒሽም እንደዚያው። በጨርቅ መወልወል በቂ ነው።

«ዕቃውን ከየት እናገኛለን?» ለምትሉኝ፣ ውጭ ዘመድ የሌላችሁ በቤት በሚሠራ ሌላ ዓይነት መጀመር ትችላላችሁ። አንድ ኩባያ የበቆሎ ስታርችና አንድ ኩባያ ነጭ ኮላ፣ ከአንድ ማንኪያ ዘይትና ከትንሽ ሎሚ ጋር፣ በለሰለሰ እሳት ድስቱን ለቅቆ እስኪጠቀለል ማማሰል፤ ከዚያ እንደ ሊጥ ማሸት። በአየር ስለሚደርቅ ኦቭን አይፈልግም። ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ውሃም አይወድም። ቢሮ ውስጥ ለሚቀመጥ ይሆናል፤ ጃንጥላ ሥር ለሚቀመጥ አይሆንም።

እሺ፣ ለአባትየው እንዴት ተሰጣቸው? እሷ በእጇ መስጠት አልደፈረችም። ሰኞ ማለዳ ሳይነሱ በፊት የሥራ ቦርሳቸው ላይ አስቀምጣው ወጣች። አንዲት ወረቀት እንኳ አልጻፈችበትም። አዲስ ማስመሪያ ግን ከውስጡ አቆመችበት። ማታ ስትገባ ቦርሳውም ሰውየውም ቤት ናቸው፤ ማስቀመጫው የለም። ማንም ምንም አላለም። «ጥለውታል» አለችኝ በስልክ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይዣት ሄድኩ። ካልሄድሽ ብዬ በግድ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆመን አየናቸው። አንዲት ባልቴት ፊታቸው ተቀምጠው ጉዳያቸውን ያስረዳሉ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ጥለት የዞረበት ነጭ ማስቀመጫ በጠረጴዛው ቀኝ ጥግ ላይ እስክሪብቶ ሞልቶ ቆሟል። የወተት ጣሳው ከጠረጴዛው ሥር ወርዶ ድንጋይ ተሞልቶበት የጃንጥላውን እግር ይዟል።

ባልቴቷ ሲነሱ ሰውየው ቀና አሉና አዩን። እኔ መሸሽ አማረኝ። በእጃቸው ጠሩን። ስንጠጋ እኔን «እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። ሃምሳ ምናምን ቀን ያልሰማሁትን ነገር በጆሮዬ ሰማሁ፤ በቀጥታ ለእሷ ነው የተናገሩት።

«መነጽር ማስቀመጫ የለውም እኮ» አሉ፣ ማስቀመጫውን በጣታቸው ዞር እያደረጉ። የተንጋደደው ጥለት ላይ ሲደርሱ ቆሙና አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ጣታቸው ላይ ፕላስተር የለም።

«እሠራለሁ አባዬ።»

«ወንድምሽ ባለበት ግን እንዳትጋግሪው።»

«አክስቷ ጋ ነው የምንጋግረው» አለች ወደ እኔ እያሳየች።

«እሷም አለችበት?» ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሌላ ባለጉዳይ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስንመለስ መንገድ ላይ የቀረንን ቆጠርን። ግማሽ አረንጓዴ አለ፣ ያ ሮዝ የሆነው ነጭ አለ። የአባቷ መነጽር ማስቀመጫ ሮዝ ሊሆን ነው።